ገዳም ፍለጋ ወጥቼ

ሰው ሁሉ በሚዋሽበት ዘመን ነፍሰ ገዳይ በምን ይለያል? የሲ. ጄ. ሳንሰምን ልብ ወለዶች ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። በተለመደው የወንጀል ታሪክ መርማሪው የሚያድነው ውሸታሙን ነው። «ማታ የት ነበርክ?» ሲባል የተንተባተበ፣ ልብሱን በሌሊት ያጠበ፣ ደብዳቤ ያቃጠለ ሰው ይያዛል። ሃይማኖት በአዋጅ በሚለወጥበት ዘመን ግን ንጹሑም ይንተባተባል። ሴትዮዋ ከአልጋዋ ሥር የሸሸገችው መቁጠሪያዋን ነው፤ ቄሱ ያቃጠለው የጸሎት መጽሐፉን ነው፤ ልጁ የካደው አባቱን ነው። ሁሉም የሚደብቀው አለው፤ ሁሉም ነፍሱን ለማትረፍ ይዋሻል። ገዳዩ በዚያ ሁሉ ውሸት መካከል ተመቻችቶ ይቀመጣል።

ሳንሰምን ያስተዋወቁኝ ደቡብ ለንደን ውስጥ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። በልቤ «እማማ» እላቸዋለሁ። ዓይናቸው ደክሟል። የሌሊት ተረኛ ስሆን እንቅልፍ እምቢ ካላቸው ደወላቸውን ይጫኑና «መጽሐፉን አምጪው» ይሉኛል። እኔ አነባለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የድሮዎቹን የገዳም ቃላት ሳጣምም ያርሙኛል፤ ምዕራፉ ሳያልቅ ደግሞ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ያኔ መብራቱን ዝቅ አድርጌ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ብቻዬን እቀጥላለሁ፤ ማቆም አልችልማ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ «ዲሶሉሽን» ይባላል፤ በ2003 የታተመ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ታሪኩ የሚጀምረው በ1537 ክረምት ነው። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከሮም ተለይቶ በ1534 ራሱን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ አድርጓል። በ1536 ደግሞ የዓመት ገቢያቸው ከ200 ፓውንድ በታች የሆኑ ገዳማት እንዲዘጉ ሕግ ወጥቷል፤ ትልልቆቹ ተራቸውን እየጠበቁ ነው። የንጉሡ ቀኝ እጅ ቶማስ ክሮምዌል ስካርንሲ ወደተባለ የባሕር ዳር ገዳም የላከው ሹም አንገቱን ተቀልቶ ይገኛል። በመሠዊያው ላይ ጥቁር ዶሮ ታርዷል፤ የገዳሙ ትልቅ ቅርስም ጠፍቷል። ቅርሱ በእንጨት ላይ የተቸነከረ የፈያታዊ ዘየማን እጅ ነው። ከጌታ ጋር በቀኝ በኩል የተሰቀለውን ወንበዴ ስሙን ለይተን እያነሣን ላደግን ለእኛ ይህ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ለእማማ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። በጣም ገረማቸው።

ጉዳዩን እንዲያጣራ የሚላከው ጎባጣው ጠበቃ ማቲው ሻርድሌክ ነው። መጽሐፉን ትልቅ ያደረገው የዚህ ሰው እምነት ይመስለኛል። ሻርድሌክ ለውጡን ከልቡ ያመነበት የክሮምዌል ሰው ነው፤ ገዳማት የስንፍናና የማታለያ ቤት ናቸው ብሎ ነው የሚመጣው። ነፍሰ ገዳዩን ሲፈልግ ግን የራሱ ወገን ምን ሲሠራ እንደነበረ ያገኛል። በሽተኛ አስታማሚው መነኩሴ ወንድም ጋይም አለ። ዘሩ ከስፔን ሙሮች ነው፤ መልኩ ጥቁር፣ ሙያው ሕክምና ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ከሁሉም በላይ የማምነው እሱን ሆነ፤ በባዕድ አገር በሽተኛ እያገላበጥኩ ስለምኖር ይሆናል።

ሳንሰም በታሪክ የዶክትሬት ዲግሪ የነበረው፣ ኋላም በጥብቅና የሠራ ሰው ነው። ሁለቱም ሙያዎች በገጾቹ ላይ ይታያሉ። የታሪክ መጽሐፍ ንጉሡ ምን እንዳወጀ ይነግረናል። መርማሪ ግን በር የማስከፈት ሥልጣን አለው። ወጥ ቤት ገብቶ ቢላዋ ይቆጥራል፤ የሒሳብ መዝገብ ያገላብጣል፤ ከብት ጠባቂውን «አንተስ ምን ታምናለህ?» ብሎ ይጠይቃል። አዋጁ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ድስት አጣቢዋ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ያየሁት በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን እንዲህ ያዘኝ ቢሉ፣ ያደግሁት አዘዞ ነው። ከጎንደር አፍንጫ ሥር፣ ዐፄ ሱስንዮስ ያሠሩት የገነተ ኢየሱስ ፍርስራሽ ያለበት አገር። ንጉሡ የተቀበሩትም እዚያው ነው። አያቴ በዚያ ስታልፍ ታማትብ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ግን «ዝም ብለሽ ሂጂ» ነበር መልሷ። ዝም ብዬ ሄድኩ፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ለንደን ድረስ መጣ። ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። በ1626 ደንቀዝ ላይ በፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮም ታማኝነታቸውን ማሉ። ቀጥሎ ምእመናን እንደገና እንዲጠመቁ፣ ካህናት እንደገና እንዲካኑ፣ ግዝረትና ቀዳሚት ሰንበት እንዲቀሩ ታዘዘ። ስድስት ዓመት ሙሉ አገር ታመሰ። በ1632 ከወይና ደጋው እልቂት በኋላ ንጉሡ አሮጌው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ፤ ዓመቱ ሳያልቅም ዐረፉ። በእነዚያ ዓመታት አዘዞ ውስጥ ስንት ሰው ማተቡን በልብሱ ሥር ሸሽጎ ይሆን? ሻርድሌክን ሳነብ ዓይኔ ላይ የሚመጡት እነሱ ናቸው።

ሳንሰም በሚያዝያ 2024 ዐረፈ። ከታሪኩ የተሠራው የቴሌቪዥን ድራማ መታየት ሊጀምር ቀናት ሲቀሩት ነበር። እማማ ዜናውን በራዲዮ ሰምተው አለቀሱ። ከዚያ «ስካርንሲ የፈጠራ ነው፤ እውነተኛውን ማየት ከፈለግሽ ሉዊስ ሂጂ» አሉኝ። ልጅነታቸውን ያሳለፉት በዚያ አካባቢ፣ በሰሴክስ ነው። የዕረፍት ቀኔ ኖቬምበር 5 ላይ ዋለ። «የእሳት ቀን ነው፤ ባቡር ማታ እዚያ አይቆምም፤ ሳይመሽ ውጪ» ብለው አስጠነቀቁኝ። እኔም በቀን ደርሼ፣ ከቀኑ በ10 ሰዓቱ ባቡር ልመለስ ቲኬቴን ቆረጥኩ።

ገዳሙ ከባቡር ጣቢያው ብዙ አይርቅም። ከ1070ዎቹ ጀምሮ የቆመ፣ በእንግሊዝ የመጀመሪያው የክሉኒ ሥርዓት ገዳም ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ 130 ሜትር ግድም ይረዝም ነበር ሲባል ሰምቼ አንድ ትልቅ ነገር ጠብቄአለሁ። ያገኘሁት ሣር ነው። በሣሩ መካከል ቁመታቸው ከፍ ያለ፣ የተቦጫጨቁ የባልጩት ግድግዳዎች ቆመዋል። አብዛኞቹ የመነኮሳቱ መኝታና መጸዳጃ ቤት ናቸው። መሠዊያው የነበረበት ቦታ የለም።

የጠፋው በዘመን ብዛት አይደለም። መነኮሳቱ ገዳሙን ያስረከቡት በኖቬምበር 1537 ነው፤ የሻርድሌክ ታሪክ በሚካሄድበት በዚያው ክረምት። ክሮምዌል ወዲያው ጆቫኒ ፖርቲናሪ የሚባል ጣሊያናዊ መሐንዲስ ላከ። ከለንደን አናጢዎች፣ አንጥረኞችና እርሳስ አቅላጮች ይዞ መጣ። ግድግዳውን ከሥር እየቦረቦሩ በእንጨት ይደግፉታል፤ ከዚያ ድጋፉን ያነሡና ግንቡ በቁሙ ይወርዳል። የጣራው እርሳስ እዚያው ቀልጦ ይወሰዳል፤ ገንዘብ ነዋ። ፖርቲናሪ የዓምዶቹን ውፍረት እየለካ ለጌታው በደብዳቤ ያሳውቅ ነበር። የዚያ ደብዳቤ ጥንቃቄ ከማንኛውም ጭካኔ በላይ አስደነገጠኝ። ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ጎበዝ ባለሙያ ነው፤ የሚያፈርሰው ግን 460 ዓመት የተጸለየበትን ቤት ነው። በ1540 የመጨረሻው ገዳም ሲዘጋ በእንግሊዝና በዌልስ 800 ያህል ቤቶች እንዲህ አልቀው ነበር።

ቆሜ ሳለሁ በፍርስራሹ መካከል ባቡር አለፈ። በ1845 የብራይተንን ሐዲድ ሲዘረጉ ቤተ ክርስቲያኑ የነበረበትን መሬት ሰንጥቀው ነው ያለፉት። ቆፋሪዎቹ ያኔ ሁለት የእርሳስ ሣጥኖች አገኙ። እነዚህን ለማየት አጠገቡ ወዳለው የሳውዝኦቨር ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ሣጥኖቹ ትንንሽ ናቸው፤ የአንድ ሕፃን ሬሣ እንኳ ተዘርግቶ የሚይዙ አይመስሉም። ጎንና ጎናቸው ላይ እንደ መረብ የተጠላለፈ መስመር አለ፤ አንዱ ላይ የጉንድራዳ፣ ሌላው ላይ የዊሊያም ስም ተቀርጿል። ገዳሙን የመሠረቱት ባልና ሚስት ናቸው፤ ዐፅማቸው ከመጀመሪያው መቃብር ወጥቶ ነው በዚህ የተሰበሰበው። ፖርቲናሪ ዓምዱን ሁሉ ለክቶ እነዚህን አላገኛቸውም። ሦስት መቶ ዓመት ከመሬት ሥር ቆይተው ለሐዲድ ቆፋሪ ተገለጡ። የሣጥኑን ጠርዝ ሳይ ሳይ ሰዓቱ ደረሰና ወጣሁ።

የ10 ሰዓቱ ባቡር ተሰርዟል። ቀጣዩም ተሰርዟል። ምክንያቱን የሚናገር የለም፤ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል። ከሌሎች የቀሩ ተጓዦች ጋር ቆመን ስንጠብቅ ጨለመ። 11 ሰዓት ሲሆን ጣቢያው ለዕለቱ ይዘጋል ተብለን ወጣን። መኪና መንገዱም በፖሊስ ታጥሯል። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ገቢ ነኝ። ብራይተን ታክሲ ለሚነዳው ለሠፈሬ ልጅ ደወልኩለት። «መምጣቱንስ እመጣለሁ እህቴ፤ ከተማ ውስጥ ግን አያስገቡኝም። በምዕራብ በኩል ከአጥሩ ውጭ እጠብቅሻለሁ፤ አንቺ በእግርሽ ተሻገሪ» አለኝ። መሻገር የነበረብኝ የእሳት ቀኑን ሰልፍ ነው።

ዋናው መንገድ ስደርስ መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የነጭ ጋዝ ሽታ። ከዚያ ከበሮ፣ ርችት፣ ቀጥሎ እሳቱ። ባለመስመር ሹራብ የለበሱ፣ ፊታቸውን ጥቀርሻ የቀቡ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ችቦ ይዘው ይሄዳሉ። ችቦው ጫፉ ላይ በጋዝ የራሰ ጆንያ የተጠመጠመበት ዱላ ነው፤ ሲያልቅ መንገዱ ላይ ይጥሉታል፤ ከኋላ ጋሪ የሚገፉ ሰዎች እየለቀሙ ይከተላሉ። በእሳት የተሞላ በርሜል በሰንሰለት እየጎተቱ የሚሮጡም አሉ። ከጀርባዬ ግንብ፣ ከፊቴ ነበልባል፤ እንኳን መሻገር መተንፈስም አልተቻለም። ልቤ ደመራን ሊያስበኝ ሲጀምር፣ የሚነዱ መስቀሎች መጡ።

በሰው ትከሻ ላይ የሚነዱ ትልልቅ መስቀሎች። ደመራ የምናበራው መስቀል ተገኘ ብለን ነው፤ እዚህ የሚቃጠለው መስቀሉ ራሱ ነው። እጄ ማተቤን ያዘ። ጳጳሳዊነትን የሚያወግዝ ትልቅ የጨርቅ ጽሑፍም በመንገዱ ላይ አየሁ። ጥቁር ሴት ነኝ፤ ብቻዬን ነኝ፤ አንገቴ ላይ መስቀል አለ። ፈራሁ። በእውነት ፈራሁ።

አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ አይተውኝ ኖሮ ጎንበስ ብለው «አሥራ ሰባት ናቸው፤ ቁጠሪያቸው» አሉኝ። በድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም። ከ1555 እስከ 1557 ድረስ በንግሥት ሜሪ ዘመን ሉዊስ ውስጥ 17 ፕሮቴስታንቶች በእሳት ተቃጥለዋል፤ እያንዳንዱ መስቀል ለአንዱ ሰማዕት ነው። ቦታውን በእጃቸው አሳዩኝ፤ ዛሬ የከተማው አዳራሽ ያለበት ነው። በጁን 22 ቀን 1557 የብረት ሥራ ባለቤት የነበረውን ሪቻርድ ዉድማንን ጨምሮ 10 ሰዎች በአንድ እሳት አለቁ። ኖቬምበር 5 ራሱ በ1605 የካቶሊክ ሤረኞች ፓርላማውን በባሩድ ሊያፈርሱ ሲሉ የተያዙበት ቀን ነው። ሁለቱ መታሰቢያዎች አንድ ሌሊት ላይ ተደርበዋል። «ሰው ካቶሊክ ቢሆን ግድ የለኝም፤ ልጄም ካቶሊክ አግብታለች» አሉ ሽማግሌው፤ «ሰዎቹ እንዳይረሱ ነው።»

ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት ናቸው።

ገዳሙ የፈረሰው በ1538 ነው፤ ሰዎቹ የነደዱት ሃያ ዓመት ሳይሞላ ነው። በእግር ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ ርቀት ላይ። በ1537 ሃያ ዓመት የሆነው የሉዊስ ሰው አርባ ሳይሞላው ሁለቱንም አይቷል። ማልዶ ለፈረሰው ገዳም ያለቀሰ ጎረቤት ማታ ለሚቃጠለው ዉድማን አላለቀሰ ይሆን? ወይስ አጨብጭቧል? በሄንሪ ዘመን እንኳ ወገን መያዝ አያድንም ነበር። ክሮምዌል ራሱ በጁላይ 28 ቀን 1540 አንገቱ ተቀላ። ከሁለት ቀን በኋላ ለንደን ስሚዝፊልድ ላይ ሦስት ፕሮቴስታንቶች በመናፍቅነት ተቃጠሉ፤ ሦስት ካቶሊኮች የንጉሡን የበላይነት አልቀበልም ብለው በአገር ክህደት ተገደሉ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ። በዚያች ከተማ ስለ እምነትህ ለሚጠይቅህ መርማሪ ምን ትመልሳለህ? የሳንሰምን መጻሕፍት እስከዚያ ሌሊት ድረስ በአሳብ ነበር የተረዳኋቸው። እዚያ መንገድ ዳር የነበልባሉ ግለት ፊቴን ሲገርፈኝ ግን ሻርድሌክ የሚያናግራቸው ሰዎች ለምን ሁሉም እንደሚዋሹ በቆዳዬ ገባኝ።

ሽማግሌው በሁለት ሰልፍ መካከል ክፍተት ሲገኝ ክንዴን ይዘው አሻገሩኝ። የሠፈሬ ልጅ ከአጥሩ ማዶ የመኪናውን ማሞቂያ ከፍቶ ይጠብቃል። «ጭስ ጭስ ትያለሽ» አለና ውሃ ሰጠኝ። መንገዱ ተጨናንቋል፤ ብራይተን ለመድረስ ጊዜ ነበረን፤ እኔም ሁሉንም ነገርኩት። ያኔ ነው በሱስንዮስ ዘመን ስለነበረችው ስለ ወለተ ጴጥሮስ ያነሣሁለት።

ገድሏ በ1672 የተጻፈ ነው፤ ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ ነው የጻፈው። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ የሱስንዮስ የጦር አለቃ ነበር። በ1617 አቡነ ስምዖን ከዐመፀኛው ዮልዮስ ጋር ወጥተው በጦርነቱ ተገደሉ። ወለተ ጴጥሮስም የአቡኑን ልብስ በባሏ እጅ አገኘችው። ከዚያ በኋላ ከእሱ ጋር መኖር አልቻለችም፤ ጥላው ሄደች፤ መነነች፤ በኋላም የንጉሡን አዲስ ሃይማኖት ፊት ለፊት ከተቃወሙት ሴቶች ግንባር ቀደም ሆነች። ለእኔ ይህ የትኛውም ደራሲ የሚመኘው ምዕራፍ ነው። የተገደለ ጳጳስ፣ አንድ ልብስ፣ ልብሱ በቤቷ የተገኘባት ሚስት። ብርሃኑ ዘሪሁን የቴዎድሮስን ዘመን በልብ ወለድ ሥጋና ደም አልብሶልናል። ይስማዕከ ወርቁ በ«ዴርቶጋዳ» አንባቢውን ሁሉ እስከ ጣና ገዳማት ድረስ አስሮጦታል። ስለ ደንቀዝና ስለ አዘዞ የተጻፈ፣ እንደ ሻርድሌክ ያለ መርማሪ ያለበት መጽሐፍ እንዲወጣልን ምን ያህል እንደምመኝ ለዚያ ልጅ ስነግረው ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

«መርማሪው ማን ይሁን?» አለ።

ሹም እንዳይሆን ነው የምፈልገው፤ ሹም የታዘዘውን ነው የሚያገኘው። ልብስ አጣቢ ትሁን አልኩት። ወደ ሁሉም ጓዳ ትገባለች፤ በጨርቅ ላይ ያለ ደም የበግ ይሁን የሰው፣ ትናንት የፈሰሰ ይሁን የከረመ ለይታ ታውቃለች። የፖርቱጋል ቄሶችንም የደብተራዎችንም ልብስ አንድ ምንጭ ላይ ነው የምታጥበው።

«ገዳዩስ? ከፈረንጆቹ አንዱ ነዋ!» አለ ወዲያው።

አይሆንም አልኩት፤ እስከ ብራይተን ድረስም በዚህ ተከራከርን። ገዳዩን ፈረንጅ ካደረግነው መጽሐፉ በመጀመሪያው ምዕራፍ አለቀ፤ አንባቢው እፎይ ብሎ ይተኛል፤ አያቴም ዝም እንዳለች ትቀራለች። ሳንሰም ገዳዩን የምንጠላው ወገን ላይ ጥሎ አልተገላገለም፤ ሻርድሌክም የራሱን ጌታ ሥራ ሳያይ ከስካርንሲ አልተመለሰም። ልብስ አጣቢዋ መጨረሻ ላይ የምታገኘው ሰው ማተቧን የደበቀላት፣ በስደቱ ዓመታት ሁሉ በቤቱ ያስጠለላት፣ ከእሷ ጋር ባንድ ምንጣፍ ላይ የጸለየ ሰው መሆን አለበት። «እንዴ! እንዲህማ አይደረግም» አለ መሪውን ይዞ። «ታዲያ ምን ታደርጋለች? ትጠቁመዋለች?» እኔም ገና አልወሰንኩም፤ ግን ያንን መጽሐፍ ሌላ ሰው ካልጀመረው እኔው እንደምጀምረው ነገርኩት።